ከመደርደሪያው የጠፋው አንድ መጽሐፍ

ዊልበር ኮንዶሪ የተገደለው በአሮጌ የከሰል ካውያ ነው። ካውያውን ይዞት የኖረው ልብስ ሊተኩስበት ሳይሆን የመጽሐፍ ገጽ ስካነሩ መስታወት ላይ አስተኝቶ ሊጫንበት ነበር። የፖሊስ መርማሪዋ ሻለቃ ኤርሜሊንዳ ታይፔ ረቡዕ ጠዋት ከአማዞናስ ጎዳና የመጻሕፍት ገበያ በላይ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ስትወጣ ሰውየው ከወንበሩ ተንሸራቶ በጎኑ ወድቋል። ካውያው ግን በቦታው ተቀምጧል።

«ክፍሉ በሙሉ የወረቀት ብናኝ ለብሷል፤ ይሄ ብቻ ያበራል» አለች ጎንበስ ብላ። «ገዳዩ ወልውሎ መልሶታል። ዕቃ ከቦታው ሲነሳ የማይወድ ሰው ነው።»

ዊልበርን የሊማ ከተማ በሁለት ስም ታውቀዋለች። «የሁሉም መደርደሪያ» ከተባለው ድረ ገጹ መጽሐፍ በነፃ የሚያወርዱ የደጋ ተማሪዎች ይመርቁታል፤ አሳታሚዎች ደግሞ ሌባ ይሉታል። ከሁለቱም ወገን ፊቱን ያዩት ከጥቂት አይበልጡም። ከሁሉ በላይ የምታውቀው ግሪሴልዳ ቻኮን ነበረች፤ አብራው የምትኖር፣ ከታች አሮጌ መጽሐፍ የምትሸጥ፣ ማታ እህቷ ዘንድ ካያኦ አድራ ጠዋት ሬሳውን ያገኘችው ሴት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ መሐረቧን ትጠመዝዛለች።

«በሩ ተሰብሮ ነበር?»

«የለም ሻለቃዬ፣ ዝም ብሎ ተገጥሞ ነበር። ከውስጥ የሚሸጎረው ብረት ግን ተነስቷል። ያ የአሳታሚው ጠበቃ ፖሊስ አስከትሎ ከመጣ ወዲህ ዊልበር በቀዳዳ ሳያይ ለማንም አይከፍትም።»

«ለማን ለማን ይከፍታል?»

«ለኔ።» ከንፈሯ ጠመመ። «ለዚያችም።»

«ለማን?»

«ለኖርካ ሳላቤሪ ነዋ! ለደራሲዋ። በቴሌቪዥን ‹ሌቦች ጨረሱን› እያለች ታለቅሳለች፤ ከዚያ ኮፍያዋን ደፍታ ደረጃዬን ትወጣለች። ስለ ሥነ ጽሑፍ ልታወራ ነው እንዳይሉኝ ብቻ።»

«ሌላስ?»

«ዶን ኦክታቪዮ ታፉር አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ሽማግሌው ደራሲ።»

«የቅጂ ሌብነትን የሚታገለው ማኅበር ሊቀ መንበር?»

ግሪሴልዳ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «እሳቸውን ደግሞ ማን ይሰርቃቸዋል?»

ኤርሜሊንዳ ስልኳን አውጥታ ድረ ገጹን ከፈተች። የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ የማውረጃው ቁልፍ፤ ሌላ ምንም የለም። «ሰባቱም የዶን ኦክታቪዮ መጻሕፍት እዚህ አሉ እኮ» አለች።

«ስካን ሲያደርግ የምረዳው እኔ ነኝ፤ እነዚህን ግን አልገለበጥኳቸውም። ዊልበር ‹አንድ አድናቂ አዘጋጅቶ ሰጠኝ› ብሎኛል። የዚያችኛዋንም ይመልከቱ፤ አዲሱን መጽሐፏን ቅዳሜ ነው ያወጣው፤ ዓለም ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው።»

በኖርካ ስም ሦስት የቆዩ መጻሕፍት ነበሩ። አዲሱ «የአክስቶቼ ፎቅ» የለም።

የኮምፒውተር ባለሙያው ኦሎርቴጊ ከዊልበር ማሽን ቀና አለ። «የጠፋው ትናንት ማታ ነው፣ ከዚህ ወንበር። ሰውየው ከሞተ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ የተነካ ነገር የለም። እንግዲህ ይሄን ይዩልኝ፦ እያንዳንዱን መጽሐፍ ስንት ሰው እንዳወረደው እዚህ ይቆጥራል። ለሕዝቡ አያሳይም፤ የሚታየው በዚህ ማሽን ላይ ብቻ ነው። የጠፋውም ቁጥር አልተሰረዘም።»

ኤርሜሊንዳ ቁጥሩን አይታ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ጠበቃው ዶክተር ሬናቶ ጋይሶ በሚራፍሎሬስ ቢሯቸው ተቀበሏት። የአሳታሚው ጠበቃ ናቸው፤ የኖርካ ባልም ናቸው። ወንበር ሳይጋብዟት መናገር ጀመሩ።

«ልከሰው ነበር እንጂ ልገድለው አልነበረም። የሞተ ሰው ካሳ አይከፍልም።»

«ባለቤትዎ እዚያ ይመላለሱ እንደነበር ያውቃሉ?»

ጠበቃው ጥርሳቸውን ነከሱ። «ተከትያታለሁ። ደስ አለዎት? እኔ ሥራዋን ከሌባ ለመጠበቅ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስንከራተት፣ እሷ ሽቶ ተቀብታ ወደ ሌባው! ያን ሰውዬ አይተውታል? ቁመት የለው፣ መልክ የለው። ምኑን አይታ ነው?»

«ድረ ገጹ በእጅዎ ቢገባ ምን ያደርጉ ነበር?»

«የአሳታሚያችንን መጽሐፍ በሙሉ አጠፋ ነበር። ምን ጥያቄ አለው?»

ኖርካን ቤቷ አገኘቻት። ዓይኖቿ አብጠዋል። ኤርሜሊንዳ ገና ስለ አዲሱ መጽሐፍ ስታነሳ ሴትዮዋ እጇን ወደ ላይ አደረገች።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ፋይሉን በእጄ።»

«በቴሌቪዥን ግን...»

«ውሌ ያስገድደኛል። ባሌ ያስገድደኛል። እኔ ያደግሁት ሁዋንካቬሊካ ነው ሻለቃ፤ መጽሐፍ መሸጫ የሚባል ነገር አልነበረም። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ልብ ወለድ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ገጾች የሉም። እስከ ዛሬ ሰውየው ይዳን ይሙት አላውቅም። ከሽያጩ ነው የምበላው፣ እሱን አልክድም፤ ግን ዛሬም እንደዚያ ያለች ልጅ የኔን መጽሐፍ ጨርሳ እንድታነብ ፈለግሁ።»

«በሁለታችሁ መካከል ሌላ ነገር ነበር?»

ኖርካ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «ባሌ ይቀናል፣ ግሪሴልዳ ትቀናለች። ዊልበር ግን ከኔ የሚፈልገው የፊደል ስሕተት እንዳርም ብቻ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ? ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።»

ዶን ኦክታቪዮ ታፉር ባራንኮ ውስጥ ባሕሩን በሚያይ ጠባብ ቤት ይኖራሉ። ግድግዳው ላይ የራሳቸው ሰባት መጻሕፍት በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ለእንግዳዋ ወንበር ስበው፣ ከተቀመጠች በኋላ ወንበሩ የገፋውን ትንሽ ጠረጴዛ ወደ ቦታው በአንድ ጣት መለሱት።

«ኖርካ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። «ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው መጽሐፏ ላይ አመስግናኛለች፤ በሁለተኛው ላይ ከብዙ ሰው ጋር ደባልቃ አመሰገነችኝ። ከዚያ በኋላ እንኳ... ግድ የለም። የሚያሳዝነኝ ዝርፊያው ነው። በሦስት ቀን ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው! ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው ዘረፋት! ይሄ ወንጀል ካልሆነ ምንድን ነው ወንጀል?»

«ዘረፋት» ሲሉ ድምፃቸው ሌላ ቃል የሚናገር ይመስል ነበር። ኤርሜሊንዳ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። አብራት ከፖሊስ ኮሌጅ የወጣችው ጓደኛዋ ኮሎኔል በሆነች ጊዜ ራሷ ኤርሜሊንዳ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላት! ኃላፊነቱ ግን ይከብዳታል» ያለችው በዚሁ ድምፅ ነበር።

«የእርስዎም መጻሕፍት እዚያ አሉ።»

«ሌባ ምን ይመርጣል!»

«ዊልበርን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ እግሬ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ለጉልበቴ ደረጃው አይሆነውም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኤርሜሊንዳ አራቱንም በዊልበር ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠበቃው በሩ አጠገብ ቆሙ። ግሪሴልዳና ኖርካ ወንበር እያለ ጎን ለጎን ላለመቀመጥ ሁለቱም ቆሙ። ዶን ኦክታቪዮ ብቻ ተቀመጡ።

«እናንተ ውስጥ ያልቀና የለም» አለች ኤርሜሊንዳ። «ስለዚህ ቅናቱን ወደ ጎን ትቼ ከበሩ ልጀምር። የውስጡ መሸጎሪያ ተነስቷል፤ ዊልበር በገዛ እጁ ነው የከፈተው። ዶክተር ጋይሶን በቀዳዳው ቢያያቸው ይከፍትላቸው ነበር?»

«በመስኮት ይዘል ነበር እንጂ!» አለች ግሪሴልዳ።

«ስለዚህ ዶክተርን ተውናቸው። ቀጥሎ የጠፋው መጽሐፍ። ገንዘቡ የሚያንገበግበው ሰው ቢሆን ኖሮ የአሳታሚውን መጽሐፍ በሙሉ ያጠፋ ነበር። ግሪሴልዳ፣ አንቺ ብትሆኚስ? በኖርካ የተናደደችው ግሪሴልዳ ምን ታጠፋ ነበር?»

ግሪሴልዳ አገጯን ቀና አደረገች። «ስሟን! ከነሥሩ! አንድ መስመር አላስተርፍላትም ነበር።»

«ሦስቱ የቆዩት ግን አልተነኩም። ራሷ ኖርካ ደግሞ ፋይሉን በእጇ ሰጥታለች፤ ሐሳቧን ብትቀይር ‹አውርደው› ማለት ይበቃት ነበር።»

ጠበቃው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «በእጅሽ? አንቺ ነሽ የሰጠሽው?»

«እኔ ነኝ ሬናቶ። ለዚህ ነበር የምመጣው፤ ለሌላ አይደለም።»

በጠበቃው ፊት ላይ ቁጣውና እፎይታው ይተናነቁ ነበር። ግሪሴልዳ ኖርካን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየቻት።

«ያጠፋው ሰው ስለ ገንዘብ ደንታ የለውም፤ ስለ ሴትዮዋም የለውም» ስትል ኤርሜሊንዳ ቀጠለች። «የረበሸው ያ አንድ መጽሐፍ ነው፣ ከሁሉ በላይ የተነበበው። እስቲ ሁላችሁንም ልጠይቅ። ኖርካ፣ ስንት ሰው አወረደልዎ?»

«አላውቅም። ለምኜው ነበር፤ አልነገረኝም።»

«ግሪሴልዳ?»

«ለኔም አይናገርም። ‹መጽሐፍ የፈረስ ውድድር አይደለም› ይለኝ ነበር።»

«ዶክተር?»

«በክሱ ላይ ‹ብዛታቸው ያልታወቀ ሰዎች› ነው ያልነው» አሉ ጠበቃው በደረቅ ድምፅ።

«ድረ ገጹም አያሳይም፤ ጋዜጣም አልጻፈውም። መጽሐፉ የወጣው ቅዳሜ ነው። ትናንት ግን ዶን ኦክታቪዮ፣ ከፋሲካ ወዲህ እግርዎ እዚህ ያልደረሰው እርስዎ፣ በሦስት ቀን ሠላሳ ስምንት ሺህ አሉኝ። እዚያ ማሽን ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው፤ ማክሰኞ ማታ በዚህ ወንበር ላይ ያልነበረ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ሰባቱን መጻሕፍትዎንስ እዚህ ያመጣቸው ‹አድናቂ› ማነው? ግሪሴልዳ አልገለበጠቻቸውም፤ ተዘጋጅተው ነው የመጡት፣ ያለ አንድ የፊደል ግድፈት። በጠዋት ሌብነትን በመቃወም ይፈርማሉ፤ በማታ ‹እባክህ ስረቀኝ› ብለው ይለምናሉ።»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ዳር የተንጋደደ ወረቀት አይተው አስተካከሉት።

«ዘጠኝ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ጽፌ፣ ሰባት መጽሐፍ፣ ዘጠኝ ሰው። ቁጥሬን ካላየሁ አልሄድም አልኩት፤ እያመነታ አሳየኝ። ‹ዶን ኦክታቪዮ፣ ከነዚህም ሦስቱ እኔ ነኝ፤ ፋይሉ መከፈቱን ሳረጋግጥ ነው› አለ። አልቀለደም። እንዳልታለል ብሎ ነው። ያ ነው የገደለኝ። ‹የእሷንስ?› አልኩት። እንቢ አለ። ነጥቄ ከፈትኩት።»

«ከዚያ መቱት።»

«ከዚያ መታሁት። ሲወድቅ እኔም ቆሜ ቀረሁ። ልሮጥ ሰው ልጥራ አላልኩም፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።» ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ዘረጉ። «ቁጥሩ ይጨምራል። ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሮ፣ እኔ ነፍሰ ገዳይ ሆኜ፣ የእሷ ቁጥር ዓይኔ እያየ ይጨምራል። አንድ፣ ደግሞ አንድ። ማስቆም ነበረብኝ።»

ኖርካ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። «መምህሬ፣ እኔ ዘንድ ቢመጡ ኖሮ...»

«ምን ልታደርጊልኝ? ልታዝኚልኝ?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም። ኦሎርቴጊ ክንዳቸውን ደግፎ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።

ኖርካ ፋይሉን የሰጠችው ራሷ መሆኗን በጋዜጣ ተናገረች። አሳታሚው ውሏን ቀደደ፤ ዶክተር ጋይሶ የአሳታሚውን ጥብቅና ለቀው ለእሷ ጥብቅና ቆሙ፤ በመካከላቸው ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም። ግሪሴልዳ ለጥቂት ሳምንት ሱቋን ዘግታ ቆየችና ድረ ገጹን በራሷ እጅ መልሳ ከፈተችው። ኤርሜሊንዳ ይህን ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ ነበረባት፤ ዛሬ ነገ እያለች አላሳወቀችም።

የዶን ኦክታቪዮ ፎቶ በየጋዜጣው ወጥቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ኤርሜሊንዳ የሰውየውን የመጀመሪያ ልብ ወለድ በገንዘቧ ልትገዛ ሊማ ያሉትን ሕጋዊ መደብሮች አዳረሰች። የትም የለም። አሳታሚው የተረፈውን ከዓመታት በፊት ለወረቀት ፋብሪካ ሸጦታል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ፖሊስ መሆኗን አሰበች፤ ለማን ልከፍል እችል ነበር ብላም አሰበች፤ ከዚያ የዊልበርን ድረ ገጽ ከፍታ የማውረጃውን ቁልፍ ተጫነችው።

ታሪኩ ላ ኦሮያ በምትባል ከተማ ውስጥ ሚስቱን ሳይሰናበት ስለቀረ አንድ የባቡር ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ያነበበችው ስሕተት ለመፈለግ ነው። ሁለተኛውን ያነበበችው የመጀመሪያውን ስላነበበች ነው። ከዚያ በኋላ የት እንዳለች ረሳች።

«እመቤቴ፣ መጨረሻ ደርሰናል፤ ይውረዱ እንጂ» አላት ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት።

ኤርሜሊንዳ ቀና ሳትል እጇን አነሳችለት፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ ብቻ።