ጓዳ የሚባለው ውሃ

መብራቱን ቀንሱት። ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ ያለኸው፣ አንተም ግባ፤ ጀርባህን ለጨለማ አትስጥ። ምን ያስቅሃል? ቆይ፣ ኋላ ትስቃለህ።

ጋኔን የሚወጣው በሌሊት ነው ያለህ ማነው? ዋሽቶሃል። ክፉው ሰዓት ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላህ እግርህ ሥር ስትገባ፣ ወፍ ዝም ሲል። ያን ጊዜ ነው የሚወጡት። በተለይ ውሃ ላይ። ውሃ ላይ መንገድ አለ? የለም። ዱካ አለ? የለም። ብትጮህስ ማን ይሰማሃል?

ድሮ ነው። በአንድ ሐይቅ ዳር፣ ስሟን በማልነግራችሁ መንደር፣ ሙጬ የሚባል ጀልበኛ ነበር። ሸራ ያላት ጀልባ ነበረችው። ጠዋት ሰው ይጭናል፣ ደሴቶቹን እየዞረ ያሳያል፣ አንዱ ጥግ አቁሞ ምሳ ያበላል፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ ይመልሳል። ሥራው ይኸው ነው። ኃይለኛ ሰው ነበር። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ፤ እህቱን ይታይሽን ማጣት። እናት አባት የላቸውም። አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው።

ይታይሽ ተዳረች። ሙሽራው ዘለቀ ይባላል፤ የከተማ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ። ሠርጉ አልፎ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ደሴት እንይ አሉ። ሙጬ ጫናቸው።

ከትልቁ ደሴት ጀርባ ጓዳ የሚባል ውሃ አለ። ቋጥኝ ከቦታል፣ ነፋስ አይገባውም፤ ለጀልባ ማቆሚያ የሚያህለው የለም። ጀልበኞቹ ግን እዚያ መልሕቅ ከመጣላቸው በፊት አንድ ወግ አላቸው። ሰው ደጅ ስትደርስ “ቤቶች!” ትል የለ? እንደዚያው ይጣራሉ። ዝም ከተባለ ባዶ ነው፤ መልሕቅህን ጣል። “ደጆች!” ብሎ የመለሰልህ ካለስ? ሸራህን አዙር። ባለቤቱ አለ ማለት ነው።

ቀትር ላይ ደረሱ። ሙጬ ማለፍ ፈልጎ ነበር።

“ራበን እኮ!” አለ ዘለቀ። “አማቼ፣ ጀልባ ነው የምትነዳው ኤሊ?”

ሙጬ ተነሳ። “ቤቶች!” አለ።

“ደጆች!”

ቀጭን ድምፅ። ቅርብ። ሚዜዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

“ዘለቀ፣ በዚህ አይቀለድም!”

“እኔ ምን አልኩ?” አለ ዘለቀ፣ እየሳቀ።

እየሳቀ ነዋ! የሚስቅ ሰው ማን ያምነዋል? ሙጬ ደሙ ፈላ። በንዴቱ መልሕቁን ወረወረው።

መልሕቁ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ነው። ወረደ፣ ወረደ፣ መሬት አልነካም። ያ ውሃ ደግሞ ጥልቅ አልነበረም፤ ሙጬ ያውቀዋል። ከዚያ ገመዱ ከታች ቀስ ብሎ ተሳበ። እንዴት መሰላችሁ? የእንግዳን በትር እንደሚቀበል ሰው። በአክብሮት።

ሳቁ ቆመ። ሸራው ረገበ። ከውሃው እጅ ወጣና የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። ነጭ፣ ያበጠ፣ ጥፍር የሌለው እጅ።

“ግቡ እንጂ” አለ ቀጭኑ ድምፅ ከሥር። “ደጅ ላይ ምን አቆማችሁ?”

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሙጬ ሁላችንም የምንላትን አለ። ከሰው ቤት ማምለጥ ስንፈልግ የምንላትን።

“እግዜር ይስጥልን። ቸኩለናል። ሌላ ቀን እንመጣለን።”

“መቼ?”

አያችሁ? ሰው “መቼ” አይልም። ሰው ውሸት መሆኗን እያወቀ ያሳልፋታል። ያ ነገር ግን ሰው አይደለም።

“ነ… ነገ።”

“መልካም። እስከ ነገ መያዣ ተዉልኝ።”

“ድንጋዩን ያዘው! ገመዱንም!”

“ድንጋይ ሞልቶኛል።”

እጁ ጠለቀ። ገመዱ ላላ። ነፋስ ከየት መጣ ሳይባል ሸራውን ወጠረው። ሙጬ ገመዱን በቢላ ቆርጦ በረረ። ቋጥኙን እስኪያልፉ ወደ ኋላ ያየ የለም። ያኔ ነው ዘለቀ የጮኸው። ይታይሽ የተቀመጠችበት እንጨት ረጥቧል። እሷ የለችም። አልጮኸችም፣ ውሃው አልተንቦጫረቀም።

ሙጬ ዘለቀን አነቀው። “አንተ ነህ የመለስከው! አንተ ነህ በለኝ!”

“በማርያም፣ እኔ አይደለሁም!”

“ነህ በለኝ!”

ሚዜዎቹ በግድ አላቀቁት። መንደሩ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ለቅሶ እንቀመጥ አሉ።

“ለቅሶ የለም” አለ ሙጬ። “ነገ ብያለሁ። ሄጄ አመጣታለሁ።”

“ብቻህን አትሂድ፣ ልጄ።”

“ማን ይከተለኛል ታዲያ?”

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ዘለቀም አየ። ያ ሁሉ አፍ የት ገባ?

በማግስቱ ቀትር ብቻውን ገባ። አልተጣራም። የሚጠበቅ ሰው ምን ያስጣራዋል? ውሃው ዘይት መስሎ ተኝቷል። ከዚያ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ዓይን። ይታይሽ ናት። አንገቷ ድረስ ወጥታ ቆመች።

“አያ” አለችው።

“እጅሽን ስጪኝ! ቶሎ በይ!”

“አንተ ግባ።”

“አንቺ ውጪ! ይታይሽ፣ ተይ፣ እለምንሻለሁ!”

ፈገግ አለች። ጥርሷ መሐል ጭቃ አለ።

“በሞቴ ግባ።”

በሞቴ! በሞቴ ጉረስ፣ በሞቴ ቁጭ በል፣ ስንቴ ብለናታል? የሚላት በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቀላል ናት። የሞተ ሰው ሲላችሁስ? እንዴት ተብሎ እምቢ ይባላል?

ሙጬ በረባሶውን አወለቀ። ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠው።

ገባ።

በቀትር ለብቻችሁ ውሃ ላይ አትውጡ። የምትወዱት ሰው እዚያ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትውጡ።