ጂባት ውስጥ ዝግባ የመታው ማን ነበር?

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ማን አየ? ስንት ሰዓት ላይ?» እያልኩ ጨዋታ የማበላሽ ሰው ነኝ፣ ሃያ ዓመት ዜና ሲሠራ የኖረ የገዛ ጆሮውን እንኳ ቶሎ አያምንም፣ ስለዚህ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ሐምሌ ነው። አሥራ አራት በጎ ፈቃደኞች በአምቦ አድርገው ሸነን ገቡ፣ ጂባት ደን ውስጥ አገር በቀል ችግኝ ሊተክሉ፣ እኔም ስለ ጉዞው ልጽፍ አብሬያቸው ነበርኩ። አስጎብኚያችን ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ድሮ ከዚሁ ደን እንጨት እየቆረጡ ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን ጎረቤቶቻቸውን አደራጅተው እንግዳ የሚያስገቡ ሰው። ደንቡንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ እንግዳ ባለበት ቀን መጥረቢያ ደን አይገባም፣ የራሳቸውም ቢሆን።

«ጭቃውንም ፎቶ ታነሱታላችሁ እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱ፣ ሕይወት የምትባል ነርስ «ኦቦ፣ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ንጹህ ጭቃ የለማ!» ብላ አሳቀችን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ወረደ። ተሰብስበን ወደ መኪናው ስንወጣ ሕይወት የለችም። አስም አለባት፣ የምትስበው መድኃኒት ደግሞ ከቦርሳዋ ጋር መኪና ውስጥ ቀርቷል። ኔትወርክ የለም። ጮኽን፣ ጉሙ ድምፃችንን ዋጠው።

«ጋዜጠኛው፣ አንድ እንግዳ እዚህ ከጠፋ እኛም ወደ መጥረቢያችን መመለሳችን ነው» አሉኝ ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው። ድሮ እንጨት ቆራጮቹ ከመካከላቸው ሰው ሲጠፋባቸው የዝግባ ግንድ በመጥረቢያ ጀርባ ሦስት ጊዜ ይመቱና ፋታ ይሰጣሉ፣ የጠፋው ድምፁን ተከትሎ ይወጣል። የዚያን ቀን ግን መጥረቢያቸው ቤታቸው ነው። በዱላ ሞከሩ፣ እርጥብ ግንድ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

«ሮጬ ላምጣ» ብለው ሲነሱ፣ ከታች ከወንዙ በኩል ተሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ፋታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ጎሽ! የእናንተ ሰው ደረሰላት» አልኳቸው።

«የኛ ሰዎች እነዚህ ናቸው» አሉ፣ አጠገባቸው የቆሙትን ሁለት ጎረቤቶቻቸውን እያሳዩኝ። «ወደዚያ ቤት የለም።»

እመኑኝ፣ ሰዓቴን እያየሁ ነበር፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ድምፁ እየመታ፣ እየመታ ወደኛ ቀረበ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ ሕይወትም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ደረቷ ሲጥ ሲጥ እያለ ከጉሙ ወጣች። መድኃኒቷን ሰጠናት። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሰውዬው የታል?» ብላ ነው።

«የቱ ሰውዬ?»

«የሚመታው ነዋ። ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ከፊቴ ይመታል። አመሰግናለሁ ልለው ነበር።»

ይህን እያለች እንደገና ተሰማ፣ ከታች፣ ከመጀመሪያው ቦታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሰዉን ቆጠርኩ። አሥራ አራቱም አሉ፣ ሾፌሩ አለ፣ ሦስቱ የአገሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ አለሁ። ኦቦ ገመቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ መንፈስ፣ ቆሌ የሚባል ነገር ሲነሳ የሚስቁ፣ ያን ጊዜ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በኦሮምኛ «ሁንዲ ኬኛ ባኔራ!» ብለው ወደ ጉሙ ጮኹ፣ ሁላችንም ወጥተናል ማለታቸው ነው። ድምፁ እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም አለ። ከዚያ ቀጠለ፣ ከኋላው የደከመ ሰው የሚያስከትል ይመስል ቀስ እያለ፣ ወደ ላይ፣ ወደኛ።

«ግቡ፣ መኪና ውስጥ ግቡ!» አሉ።

«ኦቦ፣ ሌላ የጠፋ ሰው ቢኖርስ?» አልኳቸው።

«ከዚህ አገር ዘንድሮ የጠፋ የለም» አሉኝ፣ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፣ እንግዳም አልቀረባቸውም፣ ሕይወት ራሷ ሁለቴ ተመልሳ ተክላለች። እንጀራዬ መጠየቅ ነው፣ ለትልቅ ባለሥልጣንም ለሐዘንተኛም ጥያቄ አላጣም። ኦቦ ገመቹን ግን «ከዘንድሮ በፊትስ?» ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።