እሑድ እሑድ ሞቶ ያያል

ጽጌማርያም አዳምን መጀመሪያ ያየችው በመጨረሻው ዙር ላይ ነው። ፊቱን እንኳን አላየችም፤ ጀርባውን ነው። ቴሌቪዥኑን ጋርዶ ቆሞ ነበር።

ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ደሳለ የሚባል ሰው ኳስ የሚያሳይበት ቤት አለው። እሑድ ከሰዓት ኳሱ እስኪደርስ የመኪና እሽቅድምድም ይከፍታል። የሚያየው ስምንት ዘጠኝ ሰው ቢሆን ነው። ከእነዚያ መሀል ሴት ጽጌ ብቻ ነበረች፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ የመሪጌታ ሙሉሃብት ልጅ፣ ምላሷ ከጦር የሰላ። ያን ቀን ሁለት መኪኖች ተናንቀው፣ አንድ ዙር ቀርቷቸው፣ እሷም ትንፋሿን ይዛ ሳለ... አንድ አቧራ የጠጣ ሰው ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ገባ። ሪሞቱን ብድግ አደረገና ቻናሉን ቀየረው።

ሞተር ሳይክሎች!

«አንተ! መልሰው!» አለች ከወንበሯ ተነሥታ።

«ምኑን?»

«ፎርሙላ ዋኑን! አንድ ዙር ነው የቀረው!»

ዘወር አለ። «እሱ ደግሞ ውድድር ነው? የሠርግ መኪና እንኳን ከዚያ የተሻለ ይቀዳደማል።»

ሲመልሰው ውድድሩ አልቆ ነበር። አሸናፊው መጠጥ ይረጫል። ማን እንዴት እንዳለፈ ጽጌ አላየችም።

«የት አገር ሰው ነህ?» አለችው።

«የብልባላ።»

«ያስታውቃል» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አዳም ከላሊበላ ብልባላ ሰውና ዕቃ በሞተሩ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ እሑድ አልቀረም። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ውድድሩ ሁለት። ደሳለ እጅ እያስወጣ ድምፅ ይቆጥራል፤ የተሸነፈው እስኪያልቅ ይሳደባል።

«የሞተር ውድድርህ ስሙ ራሱ አያስጠላም?» አለች አንድ እሑድ ጽጌ። «ሞቶ ጂፒ! ማን ሞቶ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«የምትሞቱስ እናንተ፤ በእንቅልፍ!» አለ አዳም። «ሃምሳ ዙር ተጎልታችሁ አንድ ሰው አንድ ሰው አይቀድምም። ካሜራው ደግሞ ይባስ! ከኋላ ሁለት መኪና ሲተናነቅ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠች የሀብታም ሚስት ያሳያል። እኔ እሷን ምን ላድርጋት?»

ጽጌ በሆዷ «እውነቱን ነው» አለች። ካሜራውን እሷም ስትረግመው ነው የኖረችው። አፏ ግን ሌላ ተናገረ። «የእናንተው ተራኪስ? ጅብ የገባበት በረት ይመስል ምን ያስጮኸዋል? ሁለት ጎማ ጎድሎት ነው?»

እንዲህ ሲናናቁ ክረምቱ ወጣ።

አንድ እሑድ መኪኖቹ ሊነሡ ሲሉ የደሳለ ቤት መብራት ጠፋ። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ጽጌ ብቻ የጠቆረውን ቴሌቪዥን እያየች ቀረች። አዳም ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ተነሡ!» ብሎ ጮኸ። «ያንቺው ቀዩ መኪና ከአምስተኛ... በውስጥ ገባ! አራተኛ! ጥቁሩ በር ሊዘጋበት ነው... አለፈው! አሁን አንደኛውን ሊይዝ ነው... ወይኔ! ካሜራው ወደ ሀብታሟ ሚስት ዞረ!»

ጽጌ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እንዲህ እየናቅኸው ቀዩ መኪና የኔ መሆኑን መቼ አወቅህ?»

«አንቺን ሳይ ነዋ» አለ ሄልሜቱን እያገላበጠ። «አንቺን ሳይ፣ የምታዪውን አየሁ።»

መብራቱ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ያየ አልነበረም።

አዳም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው ጋሽ ገብረመስቀል ነበሩ፤ ጥሩ ሰው፣ ግን ከቴሌቪዥን ጋር የማይተዋወቁ። ጽጌ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

«ልጁ መጠጥ ይወዳል?» አሉ መሪጌታ ሙሉሃብት።

«ኧረ የኔታ፣ አይነካትም።»

«ታዲያ ትርፍ ጊዜውን በምን ያሳልፋል?»

ጋሽ ገብረመስቀል የተነገራቸውን አስታወሱ። «እሑድ እሑድ ሞቶ ያያል።»

መሪጌታ ጭራቸውን ከእጃቸው ጣሉ። «ምን አሉኝ?»

«ሞቶ ነው የሚያየው፣ የኔታ።»

«ሞቶ ምን ያያል?»

«እሱን እንጃ። አንዳንዴ ቅዳሜም ሞቶ ያያል አሉ።»

«በስመ አብ! እኔ ልጄን የምድረው ቆሞ ለሚያይ ነው!»

ጽጌ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነከሰች። ጋሽ ገብረመስቀል ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ ተባሉ። እሷም በሚቀጥለው እሑድ ይህንን ለአዳም ልትነግረው ቸኩላ ሄደች።

አዳም አልመጣም። በሳምንቱም፣ በሦስተኛውም እሑድ።

«አንድ ጊዜ ተመለስ ቢባል ሸሸ!» አለች ሰው እየሰማት። «ሲነሣ ይጮሃል፣ መታጠፊያ ላይ ይወድቃል። ሞቶ ማለት እሱ ነው!»

መኪናዋን የሚቃወምባት ጠፋ። ሪሞቱ በእጇ፣ ውድድሩ እንደ ልቧ። ግን እንዴት እንደሚያሰለች! ሃምሳ ዙር፣ አንድ ሰው አንድ ሰው ሳይቀድም...

በአራተኛው እሑድ ደሳለ አላስችል አለው። «ጽጌ፣ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። ልጁ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። ኩላሊቱ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ ደሴ ሄደች። አዳምን አልጋው ላይ ፊቱ አባብጦ አገኘችው።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«እንድትንቂኝ» አለ። «ከምታዝኚልኝ ብትንቂኝ ይሻለኛል። ንቀትሽን ለምጄዋለሁ... ይጣፍጠኛል።»

«ሞኝ! የት ሄዶብህ? አሁንም እንቅሃለሁ!» አለችና እጁን ያዘች። «ሁለት ጎማ ጎደሎ!»

«አብሽሪ» አለ እየሳቀ። «ሁለቱ ይበቁናል።»

የጋሽ ገብረመስቀልን ሽምግልና ስትነግረው አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሳይቀር ሳቀ።

ሐኪሙ ተስፋውን በልኩ ነገራት። ከነልኩ ወሰደችው። አባቷ እንባዋን ሲያዩ ብዙ አልተናገሩም። «በሉ እንግዲህ፣ ያንን ሞቶ የሚያየውን ልጅ አምጡት» አሉ። በተክሊል ተጋቡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደሳለ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰዳደቡ ነበር። አንድ ዓመት ከሦስት ወር። አዳም በነሐሴ አረፈ።

ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው ከሙጃ፣ ከብልባላ መጣ። እትዬ ባንችይርጋ የተባሉ ጎረቤት፣ በሞተሩ ገበያ ሲመላለሱ የኖሩት፣ ደረታቸውን ደቁተው ሲያበቁ ወሬ ጀመሩ።

«ያ ሞተር! ያ ሞተር በላው! ሞቱን ሲያይ ነበር እኮ በቴሌቪዥን!»

«እውነት ነው፣ ሞተር ነው» አሉ ሌሎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ጽጌ ቀና አለች።

«ኩላሊት ነው» አለች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እትዬ፣ እርስዎን ከነጤፍዎ ያን ሁሉ ዳገት ሲያወጣ አንድ ቀን ጥሎዎታል?»

«ኧረ እኔ...»

«ጥሎዎታል?»

«አልጣለኝም።»

«ያ ሞተር ሰው ጥሎ አያውቅም! እናንተ ግን በሰው ሬሳ ላይ እንኳን ቻናል ትቀይራላችሁ!»

መሪጌታ ሙሉሃብት ከማዶ ሆነው «ተዉአት፣ ልክ ናት» አሉ።

አርባው የወጣ እሑድ ጽጌ ጥቁሯን ለብሳ ደሳለ ቤት ገባች። ሄልሜቱን ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። በድሮ ወንበሯ ተቀመጠችና ሄልሜቱን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ደሳለ ሳትጠይቀው መኪናውን ከፈተላት።

«ተወው» አለች። «ሞቶውን።»

«አንቺ እኮ ትንቂው ነበር!» አለ ከኋላ አንዱ።

«አሁንም እንቀዋለሁ። ክፈተው።»

ተከፈተ። ሞተሮቹ ጎን ለጎን መታጠፊያው ላይ ተጋደሙ፣ የነጂዎቹ ጉልበት መሬት እየላሰ። ተራኪው ይጮሃል። በመጀመሪያው ዙር ብቻ አምስት ጊዜ ተቀዳደሙ። ካሜራው አንድም የሀብታም ሚስት አላሳየም። ጽጌ ከንፈሯን ነከሰች። ይህን ሳትነግረው...

ከፍላቂት የመጣ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ገባ። መቀመጫ ፈለገ፤ ሄልሜት ያለበትን ወንበር ያዘ።

«እኅቴ፣ ሰው አለበት?»

«አለበት።»

እንግዳው ዙሪያውን ቃኘ። «የታል?»

ጽጌ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። እጇን ሄልሜቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚሁ ነው» አለችው። «እሑድ እሑድ ሞቶ ያያል።»