ያልቆመው ጊታር

ወዬሳ ጊታሩን እንዳቀፈ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። አዳማ ውስጥ፣ በሚለማመዱበት ጋራዥ፣ በጠራራ ፀሐይ! የአምፕሊፋየሩን ገመድ አንድ ሰው ሆን ብሎ ልጦት ነበር።

«ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ» አለ ከበሮ መቺው ወንድሙ ዱጋሳ። ይህችን ቃል እንደሰሙ እናቱ እማማ ቡዜ ከለቅሶው ድንኳን አስወጡት። «ወንድሙን የበላ ዓይኔ አይየው!» አሉ። ወይ ጣጣ! ዱጋሳን እታሰራለሁ ከሚለው ስጋት ይልቅ ያንገበገበው ይሄ ነበር።

ወንድማማቾቹ የሚጫወቱበት ባንድ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነው። አራቱም የባንዱ አባላት እንጀራቸው ሠርግ ላይ መጫወት ነው፤ ሰኞ ደግሞ ሠርግ የለም። «ኑ፣ ለራሳችን ሮክ እንጫወት» ያለው ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘገዬ ነበር። አንድ ዘፈን ይጀምሩና መጨረሻው ሳይታወቅ ይመሻል። እያደር ከሞጆ እስከ ሐዋሳ ሰው ይከተላቸው ጀመር።

ኢንስፔክተር ጉዲቱ መጀመሪያ የጠየቀችው ቤዝ የምትጫወተውን ኮከብን ነው።

«ሲወድቅ አላየሽም?»

«ከኋላዬ፣ ስፒከሩ ጋ ነበር። ጊታሩ ስላልቆመ አልዞርኩም።»

«አልቆመም?»

«ኧረ ሲንቆረቆር ነበር!»

«አንተስ ዱጋሳ?»

«ስመታ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጊታሩን ስሰማ ወንድሜ አለ ብዬ...»

ወደ ዘገዬ ዞረች። «ሠርግ ላይ ጊታሪስት ሳይመጣ ሲቀር ምን ታደርጋለህ?»

«በኪቦርዱ የጊታር ድምፅ አወጣለሁ። ማንም አይለየውም» አለ ኮራ ብሎ።

በማግስቱ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዱጋሳ በሩ ላይ ቀረ።

«ገመዱን ማንም ሊልጠው ይችላል» አለች ጉዲቱ። «ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ግን ጊታር አይጫወትም። ታዲያ ማን ነበር የሚጫወተው? የጊታር ድምፅ የሚያወጣው ሌላ ዕቃ ኪቦርዱ ብቻ ነው። ኮከብ እንዳትዞር፣ ዱጋሳ ዓይኑን እንዳይገልጥ ያደረገው ያ ድምፅ ነው። ቢያዩ ኖሮ መብራቱን አጥፍተው ያተርፉት ነበር። ዘገዬ፣ ገመዱን ልጠህ፣ ወዬሳ እስኪሞት በእሱ ቦታ ስትጫወት ነበር።»

ዘገዬ አልካደም። «ከእንግዲህ ኪቦርድ አያስፈልገንም፣ አንተ ለሠርግ ነው የምትሆነው አለኝ ወዬሳ! እኔ ከወለድኩት ባንድ ሊያስወጣኝ!»

«በዚህ እጄ እያጎረስኩህ!» አሉ እማማ ቡዜ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ና ግባ።»

ዱጋሳ የድንኳኑን በር እንደያዘ ቆመ።

«እማዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ እያለቀሰ። «ወንድሜ ዛሬስ ጉድ ነው፣ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም ብዬ፣ ከበሮውን ይበልጥ አሞቅሁለት።»

እማማ ቡዜ ነጠላቸውን እየጎተቱ ራሳቸው ሄደው አቀፉት።