አሥራ አራተኛው ሸራ

ማክሰኞ ጠዋት በሠዓሊው ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሸራዎች ነበሩ። አሥራ አንዱ የተሣለባቸው፣ ሦስቱ ባዶ። ባዶዎቹ መስኮቱ ሥር ተደግፈዋል። ሠዓሊው ይህን በሩ ጀርባ በለጠፈው ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎታል፤ ዓይኑ ስለደከመ ትንሽ ፊደል አያነብም።

ከተሣሉት አንዱ፣ መሐል የሥዕል ማቆሚያው ላይ ያለው፣ የፍቅረኛው የልብስ ሰፊዋ ምስል ነው። ዘጠና በሰባ ሴንቲ ሜትር። አሥራ አንድ ወር ፈጅቷል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ሌላ አትሥልም» ብሎታል። ሥዕሉ ረቡዕ ለትርዒት ሊወጣ ነበር።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቆሚያው ባዶውን ተገኘ።

መርማሪዋ ስትደርስ የሠዓሊው ታላቅ እህት በሩ ላይ ጠበቋት።

«ሌባዋ እዚሁ ናት፤ አትድከሚ» አሉ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«እትዬ፣ የራሴን ፊት ልስረቅ?»

«ወንድሜን የሰረቅሽ፣ ፊትሽ ያቅትሻል?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ከፈተች። «ዛሬ ማን ማን ገባ?»

«ወንድሜ ሐኪም ቤት ነበር። ፍሬም ሠሪው ሊለካ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ እኔው ከፈትኩለት። ሲወጣ የመሣሪያ ሣጥኑን ብቻ ነው የያዘው። ቀጥሎ እሷ በራሷ ቁልፍ ገባች፤ ይህን የሚያክል ከረጢት ተሸክማ ወጣች።»

«ስገባ ማቆሚያው ባዶ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ፍሬም ሊገባለት የተወሰደ መሰለኝ።»

መርማሪዋ ከረጢቱን ለካችው። ስድሳ ሴንቲ ሜትር።

«ጠቅልላው ይሆናላ!» አሉ እህትየው።

«እርጥብ ቀለም ሲጠቀለል ጨርቅ ያበላሻል።» ከረጢቱ ውስጥ ያሉትን የስፌት ጨርቆች አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ንጹሕ ነበሩ።

ከዚያ ሸራዎቹን መቁጠር ጀመረች። ጨርሳ እንደገና ቆጠረች። ወረቀቱን አነበበች።

«ጌታዬ» አለችው ሠዓሊውን፤ ባዶውን ማቆሚያ እንደያዘ ተቀምጧል። «አንድ ከተሰረቀ ስንት ይቀራል?»

«አሥራ ሦስት።»

«አሥራ አራት ናቸው። ባዶዎቹ ስንት ነበሩ?»

«ሦስት። ረግበዋል፣ እንደገና ልወጥራቸው ብሎ ፍሬም ሠሪው ነገ ሊወስዳቸው ነው።»

«አሁን አራት ሆነዋል።»

የአራቱንም ውፍረት ለካች። ሁለት ሴንቲ ሜትር። ሁለት። ሁለት። ሦስት ተኩል። የመጨረሻው ምስማሮች ገና ያብረቀርቃሉ።

ፍሬም ሠሪውን አስጠራችው። ፈገግ ብሎ ገባ።

«ዛሬ እዚህ ምን ሠራህ?»

«ለካሁ፣ ወጣሁ።»

«ሸራ ወጠርክ?»

«መዶሻ እንኳ አላነሳሁም።»

«እንዴ!» አሉ እህትየው። «ሲያንኳኳ የነበረው ታዲያ ማን ነው? ያንን ሁሉ ስሰማ ቆይቼ!»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ።

መርማሪዋ ምስማሮቹን በጉጠት ነቀለች። ነጩ ሸራ ተገፈፈ። ከሥሩ፣ በአራቱም ጠርዝ ቀጫጭን ጣውላዎች ተደርድረዋል፤ ጨርቁ እርጥቡን ቀለም እንዳይነካ። በመሐላቸው ባለው ሥዕል ላይ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ይዛ ክር ታስገባለች።

ሠዓሊው የቀለሙን ሽታ ለየው። ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ሌላ ሌባ ለቀለሙ እንዲህ አይሳሳም» አለች መርማሪዋ። «ነጩን ጨርቅና ጣውላውን በሣጥንህ አስገብተህ ሸፈንከው። ነገ ከባዶዎቹ ጋር አብረህ፣ በፈቃድ፣ በጠራራ ፀሐይ ልታወጣው ነበር።»

ፍሬም ሠሪው ሥዕሉ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። «ሸራዋን የወጠርኩት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እየመጣሁ ስትወለድ አየኋት። ነገ ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያያት ነው። አልቻልኩም።»

«በየሳምንቱ እኔም እዚህ ነበርኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ቀን ሰላም ብለኸኝ አታውቅም።»

«የወደድኩት አንቺን አይደለም» አለ። «እሷን ነው።»

ፖሊሶች መጥተው ይዘውት ሲወጡ እህትየው ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ምነው ይህን አፌን በሰፋሽልኝ!»

«ክሩ አይበቃኝም፣ እትዬ።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሥዕሉ የአዳራሹን ትልቁን ግድግዳ ያዘ። ሠዓሊው አንድ ስንዝር ያህል ተጠግቶ አየው፤ ከጎኑ ልብስ ሰፊዋ ቆማለች። ሰው አንዴ ሥዕሉን አንዴ እሷን እያየ አጨበጨበ።

መርማሪዋ ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠብቃ የሥዕሉን ጠርዝ መረመረች። በስተግራ የምስማር ጭረት አለ፤ አራት ሚሊ ሜትር። የተሣለው ፊት ላይ ምንም የለም።