የባልቴቶች ባሕር

ንጉሥ ዮንግጆ በነገሡ በአሥረኛው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1734፣ በሦስተኛው ወር፣ ከሃላ ተራራ የወረደው ነፋስ የጄጁን ደሴት ሦስት ቀን ሲገርፋት ሰንብቶ በአራተኛው ቀን ጋብ አለ፤ በጥቁሩ የድንጋይ ካብ ሥር ተኝቶ የነበረው ገብስ ቀና ቀና አለ፤ በደቡብ ምዕራቡ የባሕር ዳርቻም ሁለት ፈረሰኞች ወደ ጎሙንዮ መንደር ሲያዘግሙ ታዩ።

ፊት የሚመጣው ሚን ቺግዮም ይባላል፤ ከዋናው ከተማ ከሃንያንግ ከመጣ ስምንት ወር ያልሞላው የአገረ ገዥው ምክትል ነው። ከኋላ የሚከተለው ኮ ማንሶክ ደግሞ የዴጆንግ አውራጃ ጸሐፊ፣ የደሴቲቱ ተወላጅ፣ ዕድሜው አርባ አንድ፣ በእጅ ጽሑፉ ማማር በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። አዲሱ አገረ ገዥ፣ ቀደም ብለው እንደመጡት አገረ ገዦች ሁሉ፣ ደሴቲቱን ከእርሱ በፊት ማንም በቅጡ አላወቃትም ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህ መልክዐ ምድሯን፣ ሕዝቧንና አስተዳደሯን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ተጽፎ ለንጉሡ እንዲላክ አዘዘ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምንጩን፣ የፈረስ መስኩን፣ ወሽመጡን፣ ቤቱንና ሰዉን እያዩ ሲጽፉ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ሚን ይጠይቃል፣ ማንሶክ ያስተረጉማል፣ ይጽፋልም። የደሴቲቱን ቋንቋ ሚን ከወፍ ጫጫታ አይለየውም ነበርና።

መጽሐፉ ለንጉሡ ክብር ነው ይባል እንጂ የባሕር ዳሩ ሰው ምን እንደሚያስከትል አልጠፋውም። ጆንቦክ የሚሉት፣ ከባሕር ወለል ድንጋይ ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚኖር ትልቅ የቀንድ አውጣ ዘር፣ እየደረቀና በገመድ እየተሰካ በየዓመቱ ወደ ቤተ መንግሥት ይጫናል፤ የሚያወጡት ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠልቁ ሴቶች ናቸው፤ የጎደለባት ትገረፋለች። «ከዚህ ወሽመጥ ጆንቦክ ይወጣል» ተብሎ አንድ ጊዜ ከተጻፈ፣ ወጣም አልወጣም ግብሩ አይቀርም፤ ደሴቲቱን ትቶ መሄድም በሕግ የተከለከለ ነው። የማንሶክ እናት እርሱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ለዚሁ ግብር እንደጠለቀች ቀርታለች። ያሳደገችው የእናቱ ታላቅ እህት ኦክዳን ናት፤ በዚያን ዓመት ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷት በጎሙንዮ ትኖር ነበር።

ጎሙንዮ ሦስት ባሕር አላት። ከጥቁሩ ዐለት ወዲያ ያለው ጥልቁ የጠንካሮቹ ነው፤ መካከለኛው የጀማሪዎቹና የአራሶቹ ነው፤ ከመንደሩ ሥር ያለው፣ ውሃው ከአንገት የማያልፈው ጠባብ ወሽመጥ ግን የባልቴቶች ባሕር ይባላል። ስድሳ ዓመት ያልሞላት ሴት እዚያ እግሯን አትነክርም። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም አንዲት ወጣት ከዚያ አንድ ጆንቦክ ብትፈለቅቅ፣ ከውሃ ወጥተው በሚሞቁበት እሳት ዙሪያ ቦታ የሚለቅላት አታገኝም፤ በክረምት ደግሞ ይህ ከጅራፍ ይብሳል። ባልቴቶቹ ከወሽመጣቸው ያወጡትን በገብስ እየለወጡ፣ የማንንም እጅ ሳያዩ ይኖራሉ። ከሹማምንት ስለዚህ ባሕር የጠየቀ አልነበረም፤ ስላልተጠየቀም ግብር አልነበረበትም።

ሚን ከፈረሱ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ፣ የመንደሩ ሹም ማንሶክን ከአንድ ካብ ኋላ ሳበው።

«አደራህን፣ የታችኛዋን ወሽመጥ እንዳትጽፋት።»

«እኔም እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ ባልቴት ናቸው። ግብር ከተጣለባቸው አንድ ክረምት አይዘልቁም። ለአንተ ደግሞ ግብር ምን እንደሚያደርግ አንነግርህም።»

ኦክዳን ጠላቂዎች ከውሃው ላይ አንሳፍፈው የሚደገፉበትን ቅሏን በትከሻዋ አንግታ፣ መረቧን በእጇ ይዛ ወደ ባሕሩ ስትወርድ ሰማቻቸውና ቆመች።

«ጻፈው» አለች።

«ምኑን?»

«ባሕራችንን ነዋ። የጎሙንዮ ባልቴቶች ባሕር ነው በልና ጻፍ። እኔን ጨምረህ የአሥራ አንዳችንንም ስም አስገባ። ሲሶውን ይውሰዱ፤ የቀረው ይበቃናል፤ እኛ እንደሆነ ጥርስ የለን።»

የመንደሩ ሹም ፊቱን አዞረ። ማንሶክ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክስቴ፣ እነዚህን ሰዎች እርስዎ አያውቋቸውም» አላት። «እኔ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሲሶ ብሎ የጀመረ ሁሉንም ሳይጠቀልል አይተኛም።»

«እኔ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ባሕር ውስጥ ኖሬያለሁ። ምልክት ያላሰርንበትን ቅል ሞገድ ሲወስደው ያገኘው ሰው የራሱ ያደርገዋል። ሄደን የእኛ ነው ብንል ማን ይሰማናል?»

የማንሶክ እናት በጠፋች ማግሥት ወደ ዳር የተመለሰው ቅሏ ብቻ ነበር፤ እሱ ትዝ አለው። እናቱን የበላት ግብር አክስቱንም እንዳይበላበት ፈራ፤ ፍርሃቱንም እንደ ብልሃት ቆጠረው።

ወደ ታችኛው ወሽመጥ ሲወርዱ ባልቴቶቹ በዳር ተቀምጠው መረባቸውን ይፈቱ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ሚንን ከእግር እስከ ራሱ ገርመም አድርጋ፣ «ሃንያንግ የላከችልን ይሄን ነው?» አለች። «ያቺ ባርኔጣ ነፋስ ካገኛት ሰውዬውን ይዛው ነው የምትሄደው።»

«ተይው፣ ቻይና ይደርሳል» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ምን ይላሉ?» አለ ሚን።

«እንኳን ደህና መጡ ይላሉ፣ ጌታዬ።»

«መልካም። ከዚህ ወሽመጥ ምን ይወጣል?»

«ዐለትና አሸዋ ነው፣ ጌታዬ። ምንም አይወጣበትም።»

ሚን ቅሉንና መረቡን አየ፤ ሞኝ ሰው አልነበረም። «እነዚህ አሮጊቶችስ ታዲያ?»

ማንሶክ ይህን አላሰበበትም ነበር። «ልማድ ሆኖባቸው ነው። ሞገድ የተፋውን እንጨት ይለቅማሉ።»

«ምን ይበላሉ?»

«ልጆቻቸው ይጦሯቸዋል። እነርሱ ሥራ የላቸውም።»

ሚን ራሱን ነቀነቀና፣ «ጻፈው» አለ። ማንሶክም በዚያ በሚያምረው እጁ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የጎሙንዮ የታችኛው ወሽመጥ፤ ዐለትና አሸዋ፤ ምንም የማይወጣበት፤ ማንም የማይሠራበት። ባልቴቶች አሥራ አንድ፤ ሥራ የሌላቸው፤ በልጆቻቸው እጅ የሚጦሩ።»

ሚን ወደ ፈረሱ ሲመለስ ኦክዳን ወደ ማንሶክ ቀረበች።

«ምን አልከው?»

ነገራት። ውሸቱን ለእርሷ ሊደግምላት አልደፈረም።

«እኔ ነኝ ሥራ የሌለኝ?»

«ላድናችሁ ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ልጅ እንኳ አልወለድኩም። በየትኛው ልጄ እጅ ነው የምጦረው?»

«በእኔ።»

ኦክዳን ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም ነበር። «አንተን ያሳደግሁህ ትንፋሼን እየዋጥኩ ነው» አለችው፤ «ካንተ ቤት አንድ እፍኝ ገብስ ወጥቶ እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም። ይህን እያወቅህ ነው የጻፍከው።» መረቧን አነሣችና ወደ ውሃው ገባች።

በዚያ ቀን ምሳ ላይ የመንደሩ ሰው ለማንሶክ አሳማ አረደለት። ጠንካሮቹ ሴቶች የሰባውን እየመረጡ አጎረሱት፤ የመንደሩ ሹም እንባ በዓይኑ ሞልቶ መረቀው፤ ኦክዳን ግን ግብዣው ላይ አልተገኘችም። ማንሶክ ተቀየመ። አሮጊት ናት፣ አልገባትም ብሎ ራሱን አጽናና፤ እውነቱን ለመናገር ግን በዚያን ቀን በራሱ ተደስቶ ነበር።

መጽሐፉ ተጠረዘ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በመርከብ ወደ ሃንያንግ ተላከ፤ ቅጂው በደሴቲቱ ቀረ። አገረ ገዥው ወደ ከፍተኛ ሹመት ተዛወረ፤ ስለ መልካም አስተዳደሩም በከተማው በር ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆመለት፤ ከእርሱ በፊት ለነበሩት ሁሉ ቆሞ ነበርና ለእርሱ ቢቀር ነውር ነበር። ሚንም አብሮት ሄደ። ከዚያ ሌላ መጣ፤ ሌላም መጣ።

በአራተኛው ዓመት መከር ላይ የጎሙንዮ ጎረቤት የሆነችው የሃንዶል መንደር ሹም ለአዲሱ አገረ ገዥ አቤቱታ አቀረበ። የሃንዶል ወሽመጦች በዚያው መጽሐፍ አንድ በአንድ፣ እውነቱ ሳይጎድል ተጽፈው ነበር፤ ጽሑፉም የማንሶክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግብሩ እየከበደ ስለሄደ ባሕራቸው ተራቁቷል። በአጠገባችን ማንም የማይሠራበት ባዶ ወሽመጥ አለና ይሰጠን ነው የሚሉት። አገረ ገዥው በአውራጃው አደባባይ ተቀምጦ መጽሐፉን አስመጣ፤ እንዲያነብም ማንሶክን ጠራው።

ማንሶክ አነበበ። «ማንም የማይሠራበት» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ይህ የተጻፈው ውሸት ነው» አለ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

አገረ ገዥው ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር፤ የዚህ ዓይነቱ ሹም ከቁጡው ይልቅ ያስቸግራል። «ስለዚህ ጆንቦክ ይወጣበታል ነው የምትለኝ?»

«ይወጣበታል። ከጥንት ጀምሮ የጎሙንዮ ባልቴቶች ናቸው የሚሠሩበት።»

«ግብር ሳይከፍሉ?»

ማንሶክ መጽሐፉን ከደነ።

«መጽሐፉ ንጉሡ ዘንድ ነው» አለ አገረ ገዥው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሁሉ ቀስ ብሎ። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍላቸው? በአራት ዓመት ውስጥ ባሕር በቅሏል ልበል?» በአደባባዩ የነበሩት ሳቁ። «እንግዲህ ስማኝ። መጽሐፉ እውነት ከሆነ ወሽመጡ ባዶ ነው፤ ለሃንዶል እሰጠዋለሁ። አንተ እውነት ከሆንክ ደግሞ ጎሙንዮ የአራት ዓመቱን ግብር በዚህ ክረምት ታግባ፤ አንተም ትገረፋለህ፣ ትሻራለህ። የትኛው ነው?»

ጅራፉን ማንሶክ ይችለው ነበር፤ ሹመቱም በዚያች ሰዓት ከምንም አልቆጠረውም። ነገር ግን የአራት ዓመት ጆንቦክ በአንድ ክረምት እንዲወጣ ማን ወደ ጥልቁ እንደሚገባ ያውቃል፤ የሚቀሩትንም ቅሎች አስቀድሞ ያያቸው ነበር።

«መጽሐፉ እውነት ነው» አለ።

በማግሥቱ ጎሙንዮ ደረሰ። ኦክዳን ከቤቷ በር ላይ ተቀምጣ የመረቧን ቀዳዳ ትሰፋ ነበር። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ፊቱን አየችና ሳይናገር ገባት።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ አክስቴ። ለሃንዶል ተሰጠ። ላስቀረው ሞክሬ ነበር።»

ይቅር እንድትለው ፈልጎ ነበር፤ ካልሆነም እንድትሰድበው። እርሷ ግን መርፌዋን መረቡ ላይ ሰክታ አስቀመጠችና፣ «በል እንግዲህ አብላኝ» አለችው።

ማንሶክ አበላት። በየአምስት ቀኑ ገብስና ማሽላ አስጭኖ ይልክላት ነበር፤ እርሷም ሳታመሰግንም ሳታማርርም እየተቀበለች ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ከቀሩት አሥሩ ስምንቱ በየልጆቻቸው ደጃፍ ተከፋፈሉ፤ ሁለቱ እምቢ ብለው ወደ ጥልቁ ተመለሱ፤ አንደኛዋ አልወጣችም። የሃንዶል ጠላቂዎች ከግብራቸው ጋር ሲሯሯጡ ወሽመጡን በሁለት ክረምት አራቆቱት፤ ከዚያ በኋላ ቢፈለግም ዐለትና አሸዋ እንጂ ሌላ አልተገኘበትም።

ከዚያ ዘመን ከሁሉ ይልቅ የቆየው መጽሐፉ ነው። ሐውልቱ በሁለት ተሰብሮ ከአንድ የገብስ ማሳ ካብ ውስጥ ገብቷል፤ የማንሶክ መቃብር የት እንዳለ አይታወቅም፤ መጽሐፉ ግን ምስጥ ሳይነካው ደርሷል። የመስኩን ፈረሶች በየቀለማቸውና በየዕድሜያቸው ይዘረዝራል፤ ስለ ባልቴቶቹ ቁጥራቸው እንጂ ስማቸው የለበትም። ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች የጸሐፊውን እጅ ያደንቃሉ፤ ስለ ደሴቲቱ ወሽመጦች የሰጠውንም ቃል እያመሳከሩ ትክክለኛነቱን ይመሰክሩለታል። ስለ ጎሙንዮ ወሽመጥ የተጻፈው ሲጻፍ ውሸት ነበር፤ በስድስተኛው ዓመት ከቃሉ አንድ ሳይጎድል እውነት ሆነ፤ የሚታረም ነገር ስላልተገኘበትም እስከ ዛሬ ያረመው የለም።