ያልደረቀው ዘይት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፺፩ ዓመት፣ የእስፓኝ ሰንደቅ በፊሊፒን ደሴቶች ላይ ገና በሚውለበለብበት ዘመን፣ በባይ ሐይቅ ዳር የምትገኘው የሳን ኢላርዮ ከተማ እኩሌታዋ ሜዳ ሆና ነበር፤ ጦርነት አልደረሰባትም፣ እሳትም አልበላትም፤ የገዳሙ ርስት ገባሮች የተጨመረብንን ግብር አንከፍልም ብለው ዳኛ ፊት ስለ ቆሙ ወታደር መጥቶ ቤታቸውን በገመድ እየጎተተ ጥሎባቸው ነው። የፈረሰው እንጨት ሁሉ፣ ምሰሶው ከነወለሉ፣ የርስቱ ንብረት ነው ተብሎ በከበሮ ታወጀ፤ ስንጣሪው የተገኘበትም ሰው ወደ ሚንዶሮ ደሴት ይጋዛል ተባለ። የገዛ ቤትን መስረቅ የሚባል ወንጀል ሲፈጠር እንዲህ ነው።

ቤታቸው ከፈረሰባቸው ገባሮች አንዷ ቤናንሲያ ግን ከወለሏ ናራ ከሚባለው ቀይ እንጨት የሆነች አንዲት ሳንቃ በሩዝ ገለባ ሥር ደብቃ አስቀርታ ነበር። ባሏ ኢስላው አናጢ እንጂ ጊታር ሠሪ አልነበረም፤ ቢሆንም ያችን ሳንቃ ሰንጥቆ፣ ልጎ፣ በእንፋሎት አጉብጦ የጊታር ጎንና ጀርባ አደረጋት። ለምን ብላ ስትጠይቀው፣ «ቤት ብሠራ ያፈርሱታል፤ ይህን ግን ታቅፌው እሄዳለሁ» አላት።

ቀለሙ የእርሷ ሥራ ሆነ። የናራ ቅላት ከሩቅ የሚጣራ ነውና መጥቆር ነበረበት። የኮኮናት ጠጅ የሚቀላበትን የዛፍ ልጥ ቀቅላ ቀባችው፤ ሲደርቅም ከፈረሰው ቤት የለቀመችውን የዛገ ምስማር የዘፈዘፈችበትን ኮምጣጤ ደረበችበት፤ እንጨቱም ዓይኗ እያየ ጠቆረ። ከጀርባው ዝቅ ብሎ ግን ሳንቲም የምታህል አንዲት ክብ ነጭ ሆና ቀረች። ቤቱ ሲሠራ የሳንቃው ጉጥ ወልቆ ቀዳዳ ትቶ ስለ ነበር በነጭ እንጨት የተወተፈች ቦታ ናት፤ ኢስላው እንዳትወልቅበት ሰግቶ ሙጫ አፍስሶባት ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙጫውን ሳትፍቀው ነው የሰጠኸኝ? ሙጫ ያለበት ቀለም እንደማይጠጣ ጠፍቶህ ነው?»

«ዘይቱ ይሸፍነዋል ባክሽ።»

«ዘይት ይገልጣል እንጂ መቼ ይሸፍናል!»

እየተቆጣች ከሉምባንግ ፍሬ በተጨመቀ ዘይት ውስጥ የመብራት ጥቀርሻ በጠበጠች። የኮኮናት ዘይት ዕድሜ ልኩን አይደርቅም፤ ሉምባንግ ግን ለታገሠው ይደርቃል። ፊተኛው ቅብ ቀናት ፈጀ፤ ሁለተኛውን ከተማዋ በስሙ በምትጠራበት ቅዱስ በዓል ጧት፣ ጊታሩን በደረቀው አንገቱ ይዛ፣ ሆዱንና ጀርባውን በጨርቅ እያሸች ቀባችና ከመጠለያቸው ቀርከሃ ላይ አንጠልጥላ ለነፋስ ሰጠችው። እንዳለችውም ነጯ ክብ ከጥቁሩ መሐል ፈጥጣ ወጣች።

በዚህ መሐል ካታሊኖ መጣ። ካታሊኖ የርስቱ ምስለኔ ነው፤ ድሮ ከኢስላው ጋር መዶሻ ይዞ የዋለ፣ ሴት ልጃቸውን ክርስትና ያነሣ አበልጃቸው ነው፤ ለወታደሮቹ የገባሮቹን ቤት አንድ በአንድ በጣቱ ያሳየውም እርሱ ነው። ለበዓሉ ከአናናስ ቃጫ የተሸመነ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

«አበልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ?»

«አለን፤ ከሰማይ በታች» አለች ቤናንሲያ።

«በዓል እኮ ነው፤ ፊትሽን ፍቺው እንጂ።»

«ፊቴን ቤቱ ውስጥ ትቼው ነበር፤ አብራችሁ አፈረሳችሁት፣ ጌታው ምስለኔ።»

ካታሊኖ ሊስቅ ብሎ ጊታሩን አየና ተወው። በጊታሩ ዙሪያ ዞረ፤ ከዚያም እንደ አገሩ ልማድ ከንፈሩን አሹሎ ወደ ነጯ ክብ ጠቆመ።

«ይቺን ውታፍ የመታት የማን እጅ ነው?»

ኢስላው አቀረቀረ። ቤናንሲያ ግን ጨርቁን እንደ ያዘች መለሰችለት።

«ያንተ ነው። ያን ቀን ዶሮ አርደን አብልተንህ ነበር፤ እሱንስ ታስታውሳለህ?»

«የሚንዶሮ ወባ አይጣል ነው ይላሉ» አለ ካታሊኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ግን አበልጅ ነኝ፤ ዓይኔን ልጨፍን እችላለሁ። ዛሬ የርስቱ አስተዳዳሪ አባታችን ፊት ባዶ እጄን አልቆምም፤ ይህ ጥሩ እጅ መንሻ ይሆነኛል። ክሩን እኔው አስገባለታለሁ።»

ጊታሩንም በደረቀው አንገቱ ይዞ አወረደው። ኢስላው የሙያ ነገር ሆኖበት፣ «ቆይ፣ ገና አል...» ብሎ ሲጀምር ቤናንሲያ ክንዱን ጨመደደችው።

«ተወው! አበልጅህ ቸኩሏል።»

ደወሉ ይደወል ነበርና ካታሊኖ ጊታሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ ወደ አደባባዩ ገሰገሰ።

እሷም ተከተለችው። አስተዳዳሪው መነኩሴ ከዳስ ሥር ተቀምጠዋል፤ ካታሊኖ እጅ ነሥቶ ጊታሩን ሲያቀርብ፣ ከብብቱ እስከ እምብርቱ የጊታር ወገብ ቅርጽ ያለው ጥቁር እድፍ በነጩ ሸሚዝ ላይ ታትሞ ታየ።

«ምን ሆነሃል ካታሊኖ? ከምድጃ ጋር ታግለህ ነው?» ብለው መነኩሴው ሳቁ። ጌታ ሲስቅ ሎሌ ተፈቀደለት ማለት ነውና ከወራት ወዲህ ጥርሱን ያልገለጠ ሕዝብ ሁሉ አብሮ ሳቀ። ከኋላ ግን አንድ ድምፅ፣ «ቤት ወድቆበት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሳቁ ወዲያው ሞተ። መነኩሴው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ «ይህን ቆሻሻ ከፊቴ አንሡ!» አሉ። ጊታሩ ሣሩ ላይ ተጣለ፤ ቤናንሲያም ማንንም ሳታስፈቅድ አንሥታው ሄደች። በዚያው ቀን በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሐይቁን አሻግራ ከእኅቷ ዘንድ ሰደደችው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ወታደሮች ኢስላውን ወሰዱት፤ የተዋረደ ምስለኔ ዓይኑን አይጨፍንምና። ወደቡ ላይ ቤናንሲያ የወታደሩን ቀበቶ ይዛ፣ «ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ! እኔን ውሰዱኝ!» እያለች ጮኸች።

«አትጩኺ» አላት ኢስላው። «ብነግረው ኖሮ አድርቆ ይወስደው ነበር፤ እኔንም ያው ያስግዘኝ ነበር። ይልቅ ሦስተኛውን ዘይት ቀቢው፤ ሳይደርቅ እንዳትነኪው።»

የዚያ ዓመት ዝናም ሳያባራ በሚንዶሮ በወባ ሞተ።

ከዚያ በኋላ እስፓኝ ሄደ፣ አሜሪካ መጣ፤ ርስቱም ተሸጠ፣ ገንዘብ የነበራቸውም ገዙት። ካታሊኖ ዶን ካታሊኖ ተብሎ የከተማ ሹም ሆነ፤ ሲሞትም አደባባዩን የሚያቋርጠው መንገድ በስሙ ተሰየመ። በመንግሥት መዝገብ የዚያ ዓመት ነገር «ገባሮቹ ያለ ሁከት ተነሡ» በሚል ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ታሪክን የሚጽፈው ቀለም ያለው ነውና የኢስላውን ስም የሚሻ ሰው እዚያ አያገኘውም።

ሙጫው በሙቅ ውሃ ለቅቆ ክቧ ልትጠቁር ትችል ነበር፤ ቤናንሲያም ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። እስክታረጅ ድረስ በየዓመቱ በበዓሉ ሰሞን ጊታሩን ዘይት ስትቀባ ነጯን ክብ ግን እንዳለች ትተዋት ነበር። እንግዳ መጥቶ፣ «እማማ፣ ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ያላት እንደሆነ ጨርቁን ሳታስቀምጥ ትመልስለታለች።

«የወለላችን ውታፍ ናት። የወተፋት ሰው ስም አደባባዩ ላይ ተጽፎልሃል፤ ሄደህ አንብብ።»